ቁልፉ ሲዞር አይታችኋል? የፊልም ካሜራ ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ከወሎ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ ጉዳያቸው ግን ይመሳሰላል። ከሣጥን የወጣ የቤተሰብ ካሜራ አለ፣ ፊልም ውድ ነው፣ አንድም ፎቶ እንዲባክንባቸው አይፈልጉም። ፊልም ደግሞ ስሕተትን ወዲያው አይናገርም። የሚናገረው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ያኔ ሰርጉም አልፏል፣ ገበያውም ተበትኗል። ስለዚህ እጅ የሠራውን ዓይን እዚያው በዚያው እንዲያረጋግጥ በሚያደርግ መንገድ ለመመለስ ሞክረናል።

ጥያቄ፦ አያቴ ዜኒት-ኢ የሚባል ካሜራ ትተውልኛል። ሌንሱ ላይ ሄሊዮስ 44-2 ይላል። ባትሪ የሚገባበት ቦታ አጣሁበት። ፊልም ገዝቼ ከማባከኔ በፊት መሥራት አለመሥራቱን በምን ልወቅ? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሪ፣ የባትሪ ቦታ ያጣሽው ስለሌለው ነው። ከሌንሱ በላይ የማር እንጀራ የመሰለ መስታወት ታያለሽ። ከጀርባው ሴሌኒየም አለ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ የብርሃን መለኪያውን መርፌ ያንቀሳቅሳል። ሻተሩ (ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ደግሞ በስፕሪንግ የሚጎተት ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ምንም ባትሪ አይፈልግም።

ፊልም ሳታስገቢ ፈትኚው። የጀርባውን በር ክፈቺ፣ ሌንሱን ኤፍ 2 ላይ (የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው በጣም በሚሰፋበት ቁጥር) አድርጊና ወደ ደማቅ መስኮት አዙሪው። የፊልም ማሳለፊያውን እጀታ አንዴ እስከ መጨረሻው ሳቢ፣ ፍጥነቱን 1/30 ሰከንድ ላይ አድርጊ፣ ከጀርባ እያየሽ አዝራሩን ተጫኚ። ሙሉ አራት ማዕዘን ብርሃን ብልጭ ማለት አለበት። በ1/60፣ በ1/125፣ በ1/250 እና በ1/500 ድገሚው። በ1/500 አንዱ ጎን ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሁለቱ መጋረጃዎች እኩል እየሮጡ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ቅባት ነው፤ ለጠጋኝ ይሰጣል። ቢ በሚለው ላይ ደግሞ ጣትሽ አዝራሩን እስከተጫነ ድረስ ክፍት መቆየት፣ ስትለቂው መዘጋት አለበት። ጨርቁ መሰነጣጠቁን ወይም መጨማደዱን በዓይንሽ እዪ እንጂ በጣትሽ አትንኪው።

በዚህ ካሜራ ላይ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ እጀታውን ሳቢ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ምረጪ። የፍጥነቱ ክብ አዝራሩ በተጫነ ቁጥር አብሮ ስለሚዞር፣ እጀታው ሳይሳብ ከተስተካከለ ምልክቱ ትክክለኛውን ቁጥር ላያመለክት ይችላል።

ሌንሱ ላይ ያሉት ሁለት ቀለበቶች ብዙ ጀማሪ ያሳስታሉ። አንደኛው ቀዳዳው እስከ የት እንደሚጠብ አስቀድሞ የሚወስን ነው፤ ቁጥር በቁጥር ቀጭ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ያለ ድምፅ እየተንሸራተተ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ አትርሺ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀለበት ለምሳሌ 16ን ያዢ፤ በሁለተኛው ወደ 2 ክፈቺና በካሜራው መመልከቻ መስኮት ምስሉን ደማቅ አድርገሽ እያየሽ ፎከስ አድርጊ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቀለበት እስኪቆም መልሺው፤ ከዚያ በኋላ ተጫኚ። ሳትመልሺው ካነሳሽ ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ካሰብሽው 64 እጥፍ ነው፤ በ2 እና በ16 መካከል ስድስት እርከን አለ፣ እያንዳንዱም ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል። ስትመልሺው በካሜራው መስኮት የምታዪው ምስል ይጨልማል። ጨለማው ትክክል መሥራትሽን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ካላየሽው አትጫኚ።

ስለ መለኪያው አንድ ማስጠንቀቂያ። ሴሌኒየም በዕድሜ ይደክማል፣ መርፌው ቢንቀሳቀስም ሊዋሽ ይችላል። መመርመሪያው ቀላል ነው። ደመና በሌለበት እኩለ ቀን፣ ፀሐይ ያረፈበትን ነገር ስታነሺ ቀዳዳው 16 ሲሆን ፍጥነቱ ከፊልሙ አይኤስኦ ቁጥር (ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ንቃት ከሚናገረው) ጋር ይቀራረባል፤ 100 ከሆነ 1/125፣ 200 ከሆነ 1/250፣ 400 ከሆነ 1/500። መለኪያው ከዚህ በአንድ እርከን ቢለይ ምንም አይደል፤ በሦስት ከተለየ ግን እርሱን ተዪና በዚህ ሥርዓት ሂጂ። ደመናው ሲሳሳ 11፣ ሰማዩ ሲሸፈን 8፣ ሲጠቁር 5.6፣ ከቤት ጥላ ሥር 4። በተጨማሪም መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር የሶቪየት ጎስት እና የጀርመን ዲን እንጂ አይኤስኦ አይደለም። ዲን 21 ማለት 100፣ ዲን 24 ማለት 200፣ ዲን 27 ማለት 400 ነው።

ጥያቄ፦ የባቲን የሰኞ ገበያ ከግመል ተራው እስከ እህል ተራው 36 ፎቶ አነሳሁ። ቁጥሩ 36 ላይ ደርሶ ነበር። ፎቶ ቤቱ ሲያጥበው ፊልሙ ባዶ ነው አለኝ። ያበላሸው እሱ ነው ወይስ እኔ? (ከባቲ)

መልስ፦ የታጠበውን ፊልም ተቀብለው ወደ ብርሃን ያንሱት፤ መልሱ ዳሩ ላይ ተጽፏል። አምራቹ በፊልሙ ጠርዝ ላይ የሚያኖራቸው ቁጥሮችና ስሞች ጎልተው ከታዩ፣ መሐሉ ግን ንጹሕ ከሆነ፣ ፎቶ ቤቱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ፊልሙ ብርሃን አላየም ማለት ነው። የጠርዙ ጽሑፍም ጨርሶ ከጠፋ ጥፋቱ ከእጥበቱ ነው። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ከሆነ ደግሞ ብርሃን ገብቶበት ተቃጥሏል። ይህን ሳያዩ ፎቶ ቤቱን አይውቀሱ።

እንደ ጻፉልን ከሆነ የሚያስጠረጥረው የመጀመሪያው ነው፤ ፊልሙ ከቆርቆሮው አልወጣም። ቁጥሩ 36 መድረሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው የእጀታውን መሳብ እንጂ የፊልሙን መሄድ አይደለም። ባዶ ካሜራም እስከ 36 ይቆጥራል።

አጫጫኑን ከመጀመሪያው እንየው። ጥላ ውስጥ ይቁሙ፤ ገበያ መሐል ከሆኑ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው በራስዎ ጥላ ይሥሩ። ቆርቆሮውን በግራ ጉድጓድ ያስቀምጡና መመለሻውን ቁልፍ ወደ ታች ይጫኑት፤ ሹካው የቆርቆሮውን እንብርት መያዝ አለበት። የፊልሙን ምላስ ወደ ቀኝ ስበው በመጠምጠሚያው እንዝርት ስንጥቅ ያስገቡት። እዚህ ላይ ብዙዎች ጫፉን ብቻ ነካ አድርገው በሩን ይዘጋሉ። አይዝጉ። እጀታውን ቀስ ብለው ይሳቡና ፊልሙ እንዝርቱ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ሲጠመጠም ይዩት። ጥርሶቹም ከላይም ከታችም በፊልሙ የዳር ቀዳዳዎች ውስጥ መግባት አለባቸው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከገቡ ፊልሙ ተንጋዶ ሄዶ መሐል መንገድ ላይ ይቀደዳል።

አሁን በሩን ይዝጉ። መመለሻውን ቁልፍ በቀስቱ አቅጣጫ በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ያዙሩ፤ ጥቂት ዞሮ ይወጥርብዎታል። እዚያ ላይ ያቁሙ። ከዚያ እጀታውን ስበው ሁለት ባዶ ያንሱ፤ ሲስቡ ዓይንዎ ከዚያ ቁልፍ ላይ አይነሳ። ከቀስቱ በተቃራኒ ሲዞር ካዩ ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም፤ በሩን ከፍተው እንደገና ያስገቡ፤ የሚጠፋው ምላሱ ብቻ ነው። ይህ ሦስት ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነው፤ በየአምስት ፎቶው ደግመው ቢያዩት ምንም አይጎዳዎትም። በዜኒት ላይ ቆጣሪውን በእጅ ወደ ዜሮ መመለስ አለብዎ፤ በፔንታክስ ኬ 1000 እና በመሰሎቹ በሩ ሲከፈት ራሱ ይመለሳል።

ሲጨርሱ እጀታው ይከብዳል። አያስገድዱት፤ አንድ ፎቶ ልጨምር ብሎ የሚጎትት ሰው የዳር ቀዳዳዎቹን ይቀዳል ወይም ፊልሙን ከቆርቆሮው ይነቅለዋል። መልቀቂያዋን አዝራር (በብዙ ካሜራ ከሥር፣ በዜኒት ከላይ ናት) ተጭነው ቁልፉን በቀስቱ አቅጣጫ ያዙሩ። እያዞሩ ውጥረት ይሰማዎታል፤ መጨረሻ ላይ ጠብ ብሎ ይላላል። ያኔ ምላሱ ከእንዝርቱ ወጥቷል፤ ሁለት ዙር ጨምረው በሩን ይክፈቱ። ገና ሲጀምሩ ጨርሶ ውጥረት ከሌለ ግን አንዱ ነገር ሆኗል። ወይ ፊልሙ ከመጀመሪያው አልያዘም፣ ወይ ከቆርቆሮው ተነቅሎ ካሜራው ውስጥ ልቅ ቀርቷል። ሁለተኛውን እያሰቡ ይክፈቱት፤ ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት፣ የበሩ ሥር በተደፈነ ክፍል፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ። በእጅዎ ዳብሰው ፊልሙ እንዝርቱ ላይ ካገኙት፣ እዚያው ጨለማ ውስጥ ጠቅልለው ብርሃን በማያስገባ ጥቁር የፊልም ዕቃ ይክተቱትና ለሚያጥበው ሰው ልቅ መሆኑን ይንገሩት። ፊልሙ ከመጀመሪያው አልሄደም ከሆነ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ፤ ያ ጥቅል አሁንም አዲስ ነው፣ እንደገና ሊያነሱበት ይችላሉ። የእርስዎ ግን ታጥቧልና አይመለስም።

ጥያቄ፦ በገና ዕለት ቤዛ ኵሉ ሲዘመር ካህናቱን አነሳሁ። ነጠላው ግራጫ፣ ፊታቸው ጥላሸት ሆኖ ወጣ። መለኪያው ያለኝን ነው ያደረግሁት። ከቤተ መቅደሱ ውስጥስ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይቻላል? (ከላሊበላ)

መልስ፦ መለኪያው የሚያየው ነጠላ መሆኑን አያውቅም። የትኛውንም ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ እንዲያወጣ የተሠራ ነው። በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከላይ በዓለቱ ጠርዝ፣ ከታችም በግቢው ነጭ የለበሰ ሕዝብ መስኮቱን ሲሞላው፣ «እጅግ ብዙ ብርሃን አለ» ብሎ ቀዳዳውን ያስጠብብሃል። ነጩ ግራጫ፣ የሰው ፊት ጥቁር የሚሆነው በዚህ ነው።

መፍትሔው መለኪያውን ሌላ ነገር ማሳየት ነው። ካህናቱ በቆሙበት ዓይነት ብርሃን ውስጥ ቆመህ የእጅህን መዳፍ ዘርጋ፣ ካሜራውን አስጠግተህ መዳፉ ብቻ መስኮቱን እንዲሞላው አድርግ (ጥላህ አይረፍበት)። ካነበብከው ላይ አንድ እርከን ክፈት፤ መለኪያው 16 ካለህ 11 አድርግ። መዳፍ ከመካከለኛው ግራጫ በአንድ እርከን ገደማ ስለሚደምቅ ነው። ቀዩ ዓለትም ከነጠላው ይልቅ ለመለኪያ የቀረበ ነው። ይህን ቁጥር ከያዝክ በኋላ ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ መለኪያውን አትመልከት። ሕዝቡ ቢቀራረብም ቢራራቅም ቁጥሩ አንድ ነው።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ በላሊበላ ያለው ሌላው ችግር የዓለቱ ጉድጓድ ነው። ላይኛው ጠርዝ በፀሐይ እየነደደ ታችኛው ግቢ ጥላ ነው፤ ልዩነቱ አራት እርከን ይደርሳል። የምትፈልገው ሰው ያለበትን ክፍል ለካ፣ ሌላውን ተወው። የቀለም ኔጋቲቭ ከሆነ ስትጠራጠር ወደ ብዙ ብርሃን አድላ። ሁለት እርከን ቢበዛበት ይችለዋል፣ ሁለት ቢያንስበት ግን ጥላው ውስጥ ምንም አያስቀርም። የስላይድ ፊልም (ሲታጠብ ራሱ ፎቶ ሆኖ የሚወጣው) በተቃራኒው ነው፤ ብርሃን ሲበዛበት ነጩ ጠፍቶ ይቀራል።

ውስጡን በተመለከተ አስቀድመህ ፈቃድ ጠይቅ፤ ፍላሽ ለሥዕሎቹም ለጸሎቱም አይስማማምና አታስበው። ትራይፖድና የአዝራር ገመድ ያስፈልጉሃል። ዜኒትን የመሰለ ካሜራ ከ1/30 በታች ያለው ቢ ብቻ ስለሆነ በአፍ የሚቆጠር ረጅም ጊዜ ይሻልሃል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን አጥብብ። ምሳሌ፦ መለኪያው በኤፍ 2 ላይ 1/30 ካለህ፣ ወደ 16 ስትወርድ ስድስት እርከን ነውና 2 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ፊልም ከአንድ ሰከንድ ጀምሮ ብርሃን መቀበሉ ይደክማል፣ ጭማሪ ይፈልጋል። ኮዳክ ለትራይ-ኤክስ 400 ፊልም የሚሰጠው መጠን፣ መለኪያው 1 ሰከንድ ሲል 2፣ 10 ሰከንድ ሲል 50 ነው። ስለዚህ ለ2 ሰከንዱ 5 ያህል ቁጠር። ሰው ካለበት አይሆንም፤ የሚንቀሳቀስ ሁሉ እንደ ጭስ ይሆናል። ባዶውን ቅኔ ማሕሌት፣ የመስኮቱን ቅርጽ፣ ምሰሶውን ግን ውብ አድርጎ ያወጣል።

ጥያቄ፦ የእኅቴን ሰርግ ማታ በፍላሽ አንስቼ የሁሉም ፎቶ ግማሽ ጥቁር ሆነ። ፍላሹ ነው የተበላሸው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ፍላሹ ደህና ነው፤ ፍጥነቱ ነው የበዛው። የጨርቅ ሻተር በከፍተኛ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ጠባብ ስንጥቅ ሆኖ በፊልሙ ላይ ይሮጣል። ፍላሽ የሚበራው ለቅጽበት ስለሆነ ያገኘው በስንጥቁ ፊት ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ዜኒት-ኢ ከሆነ 1/30 ላይ ያንሱ፣ ፔንታክስ ኬ 1000 ወይም ካኖን ኤኢ-1 ከሆነ 1/60። ከዚያ በታች ይቻላል፣ በላይ አይቻልም። ቀዳዳውን ለማግኘት የፍላሹን ኃይል ቁጥር ለርቀቱ ያካፍሉ። አይኤስኦ 100 ለሆነ ፊልም ቁጥሩ 28 ከሆነና ሙሽሪት 3.5 ሜትር ላይ ካሉ 28 ሲካፈል ለ3.5 ስምንት ነው፤ ኤፍ 8።

ጥያቄ፦ የድሮ ካሜራዬ ፒኤክስ 625 የሚባል ባትሪ ይፈልጋል፤ የትም አጣሁ። (ከወልዲያ)

መልስ፦ ያ ባትሪ ሜርኩሪ ነበረበት፣ አሁን አይመረትም። 1.35 ቮልት ነበር። ገበያ ላይ መጠኑ ልክ የሆነ የአልካላይን ባትሪ ሊያገኙ ይችላሉ፤ እሱ ግን 1.5 ቮልት ስለሆነ በብዙ ካሜራ መለኪያው ብርሃኑን አብዝቶ ያነብና ፎቶው ይጠቁራል። የተሻለው 675 የሚባለው የመስማት መርጃ ዚንክ ባትሪ ነው፤ ቮልቱ ይቀራረባል። አነስ ስለሚል ዙሪያውን በላስቲክ ቀለበት ይደግፉት። ተለጣፊው ከተላጠ በኋላ የሚያገለግለው ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ነው፤ ስለዚህ ሳያስፈልግ አይላጡት። ሻተሩ መካኒካል ከሆነ ያለ ባትሪም ለደሴዋ ተማሪ በነገርናት የፀሐይ ሥርዓት ማንሳት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከሐይቁ ማዶ ያሉት ተራሮች በዓይኔ ሳያቸው ጥርት ብለው፣ በፎቶ ግን ሰማያዊ ጉም ለብሰው ይወጣሉ። (ከሐይቅ)

መልስ፦ ፊልም ከዓይን ይልቅ አልትራ ቫዮሌት ጨረርን ያያል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ጨረሩ ይበዛል። ለቀለም ፊልም ይህን ጨረር የሚቀንሰውን ስካይላይት ማጣሪያ ይግጠሙ። ለጥቁርና ነጭ ቢጫ ማጣሪያ ሰማዩን አጥቁሮ ደመናውን ያወጣዋል፤ ብርሃን ስለሚቀንስ አንድ እርከን ይጨምሩ፣ ብርቱካናማ ከሆነ ሁለት። ካሜራው በሌንሱ በኩል የሚለካ ከሆነ ግን ማጣሪያውን ራሱ ይቆጥረዋል፣ አይጨምሩ። ከሁሉም በላይ ሰዓቱን ይምረጡ። ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ውሃውም አየሩም የረጋ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ምንም ማጣሪያ የጧቱን ጥራት አይመልስም።

ማጣሪያውም ካልረዳዎ ሌንሱን ይመርምሩ። ቀዳዳውን ሙሉ ከፍተው ከኋላ የእጅ ባትሪ ያብሩበትና ከፊት ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ ክረምቱን የከረመ ሌንስ ይህ ያገኘዋል፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና። ገና ከሆነ በጠጋኝ ይጠረጋል፤ ከቆየ መስታወቱን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ፊልሜን ለማሳጠብ ወደ አዲስ አበባ መላክ አለብኝ። በምን ልጠንቀቅ? (ከመርሳ)

መልስ፦ ሙቀትና ኤክስሬይ ናቸው ጠላቶቹ። አንስተው የጨረሱትን ፊልም ከአዲሱ ይልቅ ሙቀት ይጎዳዋል፤ በመኪና መስታወት ሥር አይተዉት፣ ለወራትም አያስቀምጡት። ከኮምቦልቻ ወይም ከላሊበላ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ከያዘው በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ በሚያስረክቡት ሻንጣ ላይ የሚያርፈው ጨረር ይበረታል። በእጅ እንዲፈተሽም ይጠይቅ፣ በተለይ ከአይኤስኦ 800 ጀምሮ። በመኪና ከሆነ ይህ ሁሉ የለም።

ቆርቆሮው ላይ ፕላስተር ለጥፈው በእስክሪብቶ ይጻፉ፦ ስምዎን፣ የተነሳበትን ቀን፣ ቀለም ወይም ጥቁርና ነጭ መሆኑን። አይኤስኦ 400 የሆነውን ፊልም በ800 አንስተውት ከሆነ ይህንንም ይጻፉ፤ አጣቢው የእጥበቱን ጊዜ የሚያስረዝመው ይህን ካወቀ ብቻ ነው። ምላሱንም እስከ ውስጥ ጠቅልለው ያስገቡት፤ ውጭ ከቀረ አንድ ሰው አዲስ መስሎት እንደገና ካሜራ ውስጥ ያስገባዋል።